በዓምዶቹ መካከል

በአዲስ አበባ አዳዲስ ሰፈሮች የሚዘዋወር ሰው ዓምድ በዝቶ ያያል። በመኖሪያ ቤቱ በረንዳ፣ በሰርግ አዳራሹ መግቢያ፣ በሆቴሉ ፊት ለፊት፣ አንዳንዴም በአጥሩ በር ግራና ቀኝ ቆሟል። አናቱ ላይ ቅጠል የተደራረበበት አለ፤ እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ ጌጥ ያለው አለ፤ ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ ሆኖ የተፈለፈለም አለ። አስፋልት ዳር ባሉ የጂፕሰምና የሲሚንቶ ቅርጽ ማምረቻዎች ደጅ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ከሌላ ቤት ያነሣውን ፎቶ ያሳያል፤ ሻጩም ስንት ፍሬ እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። ስለ ቤቱ ቁመት፣ ስለ በረንዳው ስፋት ሲነጋገሩ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ይህን የምጽፈው ዓምድ የወደደውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ ቤት የሠራ ሰው ደጃፉ ግርማ እንዲኖረው ቢሻ ያገባዋል፤ ቅርጹን የሚያወጡት ወጣቶችም እጃቸው የተባ ነው። የሚያሳስበኝ ከግሪክና ከሮም የተነሣው ይህ ጥበብ እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩ መጥቶ ልኩ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ልኩ ሲቀር፣ ዓምድ በጥንት ከተሞች ለመንገደኛ ይሰጠው የነበረው አገልግሎትም አብሮ ቀረ።

ስለ ልኩ ሰፊ ትምህርት የተወልን ቪትሩቪየስ የተባለ ሮማዊ መሐንዲስ ነው። ጌታ ሲወለድ በዙፋን ላይ ለነበረው ለአውግስጦስ ቄሣር ዐሥር ክፍል ያለው የሕንጻ ድርሳን ጽፎ አበርክቶለታል። እንደ ቪትሩቪየስ ትረካ፣ ዶሪክ የሚባለው ዓምድ ልኩ የተወሰደው ከወንድ ቁመና ነው። የእግሩ ጫማ ርዝመት የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ሆኖ ስለተገኘ፣ የዓምዱም ቁመት የግርጌው ውፍረት ስድስት እጥፍ እንዲሆን ተወሰነ። ኢዮኒክ የተባለው ደግሞ ከሴት ቁመና ተወሰደ፤ ቁመቱ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ሆነ። ከሥሩ እንደ ጫማ ያለ መቆሚያ ተደረገለት፤ ከአናቱ ግራና ቀኝ የወረደው ጥምዝ የተጠቀለለ ጠጉሯን፣ በግንዱ ላይ የወረዱት ቦዮች የቀሚሷን እጥፋት እንዲመስሉ ተደረገ።

ሦስተኛው ስልት የቆሮንቶስ ነው፤ ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ያቺው ከተማ። በዚያ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ሞተች ይላል ቪትሩቪየስ። ያሳደገቻት ሞግዚት ልጅቱ በሕይወት ሳለች የምትወዳቸውን ዕቃዎች በቅርጫት አድርጋ መቃብሯ ላይ አኖረች፤ ዝናብ እንዳያበላሸውም በሸክላ ጡብ ከደነችው። ቅርጫቱ ያረፈው አካንቱስ በሚባል ተክል ሥር ላይ ነበር። ጸደይ ሲመጣ ቅጠሉ ወጥቶ ቅርጫቱን ዙሪያውን አቀፈው፤ ጫፉም ጡቡ ዘንድ ሲደርስ ወደ ውጭ ተጠመዘዘ። ካሊማኮስ የተባለ ቀራጺ በዚያ ሲያልፍ አይቶት የዓምድ ራስ አደረገው። ዛሬ በየቪላው ደጅ የምናየው ቅጠል ይህ ነው። የአካንቱስ ዘመድ የሆነ፣ ቀይ አበባና እሾሃማ ቅጠል ያለው ኮሸሽላ በኢትዮጵያ ደጋ በየአጥሩና በየዳገቱ ይበቅላል። ከማምረቻዎቹ አንዱ የውጭ ፎቶ ከመቅዳት ይልቅ ኮሸሽላውን ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቅርጽ ቢያወጣበት ካሊማኮስ ያደረገውን ማድረጉ ነበር።

ታሪኩ ከተረት ሊቆጠር ይችላል፤ ቪትሩቪየስም የጻፈው ዶሪክ ከተጀመረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ድንጋዮቹ ግን የሚለኩ ናቸው። በአቴና አክሮፖሊስ ላይ ያለው ፓርቴኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው። የውጭ ዓምዶቹ ቁመታቸው 10.4 ሜትር፣ የግርጌ ውፍረታቸው 1.9 ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በኔሜያ የተሠራው የዜውስ ቤተ መቅደስ ዓምዶች ተቀራራቢ ቁመት እያላቸው ከስድስት እጥፍ አለፉ። ቪትሩቪየስ ራሱ ኋለኞቹ ዶሪኩን ወደ ሰባት፣ ኢዮኒኩን ወደ ዘጠኝ እንዳሳደጉት ይናገራል። ልክ አንድ ጊዜ ተደንግጎ የቀረ ትእዛዝ አልነበረም። ግንበኞች ትውልድ ከትውልድ እየሠሩ፣ እያዩ፣ እየተከራከሩ ያቀኑት ነገር ነው።

ፓርቴኖንን የሠሩት ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ምን ያህል እንደተጨነቁ ለማየት ወለሉን መለካት ይበቃል። ዓምዶቹ የቆሙበት ንጣፍ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን 70 ሜትር ገደማ በሚሆነው ረጅም ጎኑ መካከሉ ከዳርና ዳሩ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በአጭሩ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ጥቂት ዘንበል ብለዋል። የማዕዘኖቹ ከሌሎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ ከኋላቸው ሰማይ ብቻ ስለሚታይ ሳስተው እንዳይታዩ ነው ይባላል። ግንዱም ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ግን በቀጥታ መስመር አይደለም፤ ለዓይን በማይታወቅ ሁኔታ ነፋ ይላል። ወለሉ ለምን እንደጎበጠ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ዓይን እንዳይታለል ነው የሚሉ አሉ፤ የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ሁሉ ለማሳካት እያንዳንዱ የእምነ በረድ ክብ ድንጋይ ለሚገባበት ቦታ ለብቻው ተጠርቧል። አንዱን የዓምድ ክፍል ወስዶ ሌላው ቦታ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ፍሬ ተቆጥሮ የሚገዛ ዓምድ ከዚህ በጣም የራቀ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለሀብታም መንግሥት ብቻ ነው እንዳይባል፣ ጣሊያናዊው ቪኞላ እ.ኤ.አ. በ1562 ማንኛውም ግንበኛ የሚይዘው ቀላል ስሌት አሳተመ። ቁመቱ ስንትም ይሁን 19 ቦታ ክፈለው፤ 4ቱ ለመነሻው መደብ፣ 12ቱ ለዓምዱ፣ 3ቱ ዓምዱ ለሚሸከመው አግዳሚ ይሁን። መደብ ከሌለ 5 ቦታ ክፈለው፤ 4ቱ ዓምድ፣ 1ዱ አግዳሚ። የዓምዱ ቁመት ቱስካን በሚባለው ስልት የውፍረቱ ሰባት እጥፍ፣ በዶሪክ ስምንት፣ በኢዮኒክ ዘጠኝ፣ በቆሮንቶስና ኮምፖዚት በሚባለው ዐሥር። አራቱን የሒሳብ መደቦች የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊሠራበት ይችላል።

እስቲ ወደ እኛ በረንዳ እናምጣው። ከወለል እስከ ጣሪያው ጠርዝ 5 ሜትር ከሆነ ዓምዱ 4 ሜትር፣ ከላይ ያለው አግዳሚ 1 ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ ቅጠል ያለውን የቆሮንቶስ ስልት ከመረጠ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዶሪክ ከመረጠ 50። ለዚህ ቁመት ቪትሩቪየስ አናቱ የግርጌው አምስት ስድስተኛ ይሁን ስለሚል፣ ከታች 40 የሆነው ከላይ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በላሜራ ተጠቅልሎ የተሞላ ዓምድ ግን ከታች እስከ ላይ አንድ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ የማየው ሁለት ፎቅ አልፎ የወጣ ቀጭን ምሰሶ ነው። ስድስት ሜትር ቁመት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢደረግ ሃያ እጥፍ ይሆናል፤ ከሁሉ ቀጭን የሆነው የቆሮንቶስ ስልት ከሚፈቅደው ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። ሰው ቆሞ ሲያየው ለምን እንደከበደው አያውቅም፤ ብቻ ደስ አይለውም። ሕንጻው ውድ ነው፣ ቀለሙ ንጹሕ ነው፣ ግን አንድ ነገር የጎደለ ይመስላል። የጎደለው ቁጥር ነው።

ለዚህ ምክንያት አለ፤ ባለሙያዎቻችንን ብቻ መውቀስም አይገባም። የጥንቱ ዓምድ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲጭኑበት ብርቱ፣ ሲያጎብጡት ግን ደካማ ነው። በሁለት ዓምድ ላይ የተጋደመ ድንጋይ ክፍተቱ ከሰፋ በራሱ ክብደት መካከሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዓምዱ መወፈር፣ መቀራረብም ነበረበት። አርማታ በውስጡ ፌሮ ስላለ መጎበጥን ይችላል፤ ቀጭን ኮለን ሩቅ ለሩቅ ቆሞ ትልቅ ሶሌታ ይሸከማል። ጥሩ ነው፤ ዘመኑ የሰጠን ጸጋ ነው። ቀጭኑ ኮለን በራሱ መልክ ቢቆም የራሱ ውበት አለው። ችግሩ የድንጋዩን ልብስ ሲያለብሱት ይመጣል፤ ልብሱ የተሰፋው ለሌላ አካል ነውና።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት። ቪትሩቪየስ ከዓምዱ ያላነሰ የተጨነቀው ለእርሱ ነው። አምስት ዓይነት አድርጎ ይዘረዝራል፦ የዓምዱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሁለት ከሩብ፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ። ሦስት እጥፍ ሲሆን አግዳሚው ድንጋይ ይሰበራል፤ ከዚያ ሲያልፍ በድንጋይ አይሆንም፣ የእንጨት አግዳሚ ያስፈልጋል ይላል። ሁለቱን ጠባቦች ግን የነቀፈው ስለ ድንጋዩ አይደለም። እናቶች ለጸሎት ወይም ለምስጋና ደረጃውን ሲወጡ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዓምዶቹ መካከል ማለፍ አይችሉም፣ አንድ በአንድ መሰለፍ ግድ ይሆንባቸዋል ብሎ ነው። በሩም ይሸፈናል፣ በዙሪያው መመላለስም ያስቸግራል። የመረጠው ሁለት ከሩቡን ነው፤ በዚያም ላይ በበሩ ትይዩ ያለው የመካከሉ ክፍተት ሦስት እጥፍ ሆኖ እንዲሰፋ አዘዘ።

የንጉሠ ነገሥት መሐንዲስ ስለ ቤተ መቅደስ ልክ ሲጽፍ፣ ተያይዘው ስለሚሄዱ ሴቶች ማሰቡ ልቤን ይነካኛል። ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች የተጻፈ ይመስላል። በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ዓምድ የሚደረደረው ለግርማ ነው፤ ደግሞም ብዙ ሕዝብ ድንገት ኃይለኛ ዝናብ ቢይዘው ሰፋ ባለ ቦታ ተጠልሎ እንዲቆይ ነው ይላል። ከቤተ መቅደሱ ግርማ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝናብ የያዘው ሕዝብ ተነሣ።

የጥንት ከተሞች ይህን በዓምድ የተያዘ መጠለያ ከቤተ መቅደስ አውጥተው ገበያ መካከል አደረጉት። በአቴና ገበያ የጴርጋሞኑ ንጉሥ ዳግማዊ አታሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ150 ገደማ ያሠራው መመላለሻ 115 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጥንቱ መሠረት ላይ እንደነበረ ተመልሶ ስለተሠራ ዛሬም ገብተው ያዩታል። ከፊቱ በምድር ቤት 45 የዶሪክ ዓምዶች አሉ፤ ከውስጥ ያሉት ኢዮኒኮች ግን 22 ብቻ ናቸው፤ ሰው እንደልቡ እንዲዘዋወር አራርቀው አቆሟቸው። የፊቶቹ ዓምዶች ከታች በኩል ሰው በሚደርስበት ቁመት ቦይ የላቸውም፣ ልሙጥ ናቸው። ቦዩ ሹል ጠርዝ ስላለው ትከሻና ሸክም እየነካው እንዳይሸራረፍ ነው። ጳውሎስ በአቴና ገበያ ካገኛቸው ሰዎች ጋር ሲነጋገር ይህ መመላለሻ ቆሞ ነበር። በኢየሩሳሌምም መቅደስ የሰሎሞን መመላለሻ ነበረ፤ የዮሐንስ ወንጌል ጌታ በዚያ ሲመላለስ ወቅቱ ክረምት እንደነበር ሳይጠቅስ አላለፈም። በዚያው መቅደስ በደቡብ በኩል ሄሮድስ ያሠራው መመላለሻ 162 የቆሮንቶስ ዓምዶች እንደነበሩት፣ አንዱን ለማቀፍ ሦስት ሰዎች ክንዳቸውን ማያያዝ እንደነበረባቸው ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፈስ መስክሯል።

እኛም እንዲህ ያለውን መጠለያ አናውቅም አንልም። የላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ዓምዶች የተከበበ ነው፤ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የጣሪያቸው ክፈፍ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ወርዶ ዙሪያውን መጠለያ ይሠራል። ምእመኑ ፀሐይም ዝናብም ሲሆን እዚያ ይቆማል።

ዛሬ በዋና ዋና መንገዶቻችን ዳር ያለውን እንመልከት። ሐምሌ ላይ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ተማሪው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ታክሲ የተሰለፈው ሁሉ ወደ ሕንጻው ይሮጣል። ሕንጻው ዓምዶች አሉት፤ ትልልቅ፣ በግራናይት የተለበጡ። በዓምዶቹ መካከል ግን ሰንሰለት ተወጥሯል፣ ወይም መኪና ቆሟል፣ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ተደርድሯል። ደረጃው ውኃ ሲነካው ያዳልጣል። የጥበቃ ሠራተኛው ታዝዞ ነውና "እዚህ መቆም ክልክል ነው" ይላል። ሰው ተመልሶ ሱቅ ደጅ በተዘረጋች ሸራ ሥር ይተፋፈጋል፤ ሸራው የያዘውን ውኃ ባለሱቁ በእንጨት እየገፋ ያፈስሳል። በመኖሪያ ቤቶቹም የዓምዱ ሁሉ ነገር አጥር ውስጥ ነው፤ ለመንገደኛ የሚደርሰው ከግንቡ በላይ ብቅ ያለ ቅጠል ብቻ ነው።

የከተማችን የኮሪደር ልማት በብዙ ቦታ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፤ ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ስፋቱ ከዝናብ አያስጥልም፤ በግንቦት ፀሐይ ሰፊ ንጣፍ ይብስ ያቃጥላል። አንድ ሕንጻ ከመንገዱ ጠርዝ ሦስት ሜትር ያህል ምድር ቤቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ ፎቆቹን ግን በዓምድ ይዞ ቢያወጣ ሥሩ መተላለፊያ ይሆናል። ጎረቤቱም እንዲሁ ቢያደርግ፣ የወለሉም ከፍታ ቢገናኝ፣ ሰው ከአንድ መስቀለኛ መንገድ እስከ ሌላው ሳይረጥብ ይሄዳል። አርማታ ዓምዶቹን አራርቆ ለማቆም ስለሚያስችል ቪትሩቪየስን ያስጨነቀው መሰበር አያሰጋንም።

ይህ ሕልም ነው ለሚል የቦሎኛን ከተማ እጠቅሳለሁ። በሰሜን ጣሊያን የምትገኘው ይህች ከተማ በታሪካዊው ክፍሏ ብቻ 38 ኪሎ ሜትር ያህል በዓምድ የተያዘ መተላለፊያ አላት፤ ዩኔስኮ ከመተላለፊያዎቿ የተመረጡትን በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ሁሉም በአንድ ንጉሥ የተሠራ አይደለም። አጀማመሩ የግል ጥቅም ነበር፤ ቤተሰብ ሲበዛ፣ ተማሪና ነጋዴ ሲጎርፍ ባለቤቶች ፎቃቸውን ወደ መንገድ እያወጡ ከሥሩ በግንድ ይደግፉት ጀመር። ከተማዋ መከልከል ትችል ነበር። እርሷ ግን በ1288 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ መተላለፊያ እንዲያደርግ፣ የሌለውም እንዲጨምር አዘዘች። ከፍታው ከ2.66 ሜትር እንዳያንስ ተወሰነ፤ በፈረስ የተቀመጠ ሰው እንዲያልፍ ታስቦ ነው። መሬቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፣ ጥገናውም የእርሱ ነው፤ መተላለፉ ግን የሁሉም ነው። በምላሹ ከላይ ያለውን ክፍል አገኘ።

የእኛም ከተማ በዚህ መልክ መደራደር ትችላለች። በመሬት ውድነት የሚማረር ባለሀብት ከመተላለፊያው በላይ ያለው የፎቅ ስፋት ቢፈቀድለት የሚጠላ አይመስለኝም፤ ከሥሩ ያሉት ሱቆቹም በዝናብ ቀን ገበያ ያገኛሉ። የግንባታ ፈቃዱ ላይ የመተላለፊያው ስፋትና ከፍታ፣ በዓምዶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ማታ መብራቱን የሚያበራው፣ ጠዋት የሚጠርገው ማን እንደሆነ በቁጥርና በስም ይጻፍ። ሰንሰለት መወጠርና መኪና ማቆም ክልክል መሆኑም አብሮ ይግባ። የወለሉ ከፍታ ከጎረቤት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በክፍለ ከተማው ባለሙያ ተለክቶ ካልተሰጠ በየሕንጻው ደረጃ እየተሠራ አካል ጉዳተኛውን ስለሚያስቀር፣ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት እርሱ ነው።